የጠቆረው ሳንባ በከብት ተራ

አባቴን ሲጋራ ለማስተው መጀመሪያ የሞከርኩት እንደ ጤና ባለሙያ ነው። እንደ ልጅ ብሞክር ይሻል ነበር። ግን ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት፣ እኔም ገና ከጤና ትምህርት ቤት ተመርቄ ነገሌ ክሊኒክ የተመደብኩ ሰሞን ነበር፤ ነጭ ጋዋኔን ቤት ገብቼ እንኳ ማውለቅ አልወድም። ልጁ መሆኔን የማስታውሰው ራት ሲቀርብ ብቻ ነው።

አባቴ ከብት ተራ ደላላ ነበር። ከሊበን ሜዳ ከብት ነድተው የሚመጡትን አርብቶ አደሮች ከሞያሌና ከሌላም አገር ከሚመጡ ነጋዴዎች ጋር ያገናኛል። አማርኛና ኦሮምኛ እኩል ይናገራል፤ በአንዱ የጀመረውን ስድብ በሌላው ይጨርሳል። የሥራው ዋናው ግን በአፍ አይደለም። እኛ ዘንድ የከብት ዋጋ ጮክ ተብሎ አይጠራም። ደላላው ከትከሻው ላይ ፎጣውን አውርዶ እጁ ላይ ይጥላል፣ ሻጩ እጁን ከፎጣው ሥር ያስገባል፣ ከዚያ በኋላ የሚነጋገሩት ጣቶች ናቸው። አንዱ ይጨብጣል፣ ሌላው ይገፋል፣ ፊታቸው ላይ ግን ምንም አይነበብም። ዳር ሆኖ የሚያይ እንግዳ ሁለት ሰዎች ቆመው የሚያንቀላፉ ይመስለዋል። እንዲህ ለመሥራት ትከሻ ለትከሻ፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ መቆም ግድ ነው።

አባቴ አንድ ከብት ባሻሻጠ ቁጥር አንድ ሲጋራ ያቀጣጥላል። ምንም ያልተሸጠ ቀን ደግሞ ስላልተሸጠ ያጨሳል። እናቴ ጴንጤ ስለሆነች ቤት ውስጥ ጭስ አታስገባም፤ እሱም ጓሮ ሄዶ አጥሩን ተደግፎ ያጨሳል። "ጌታ ያስተውሃል" ትለዋለች። "እንግዲያው ለእሱ ተይለት፣ አንቺ ምን አደከመሽ" ይላታል። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖረዋል፤ የተጣሉበትን ቀን አላስታውስም።

ወደ ክሊኒካችን በየወሩ የሚመጣ ሐኪም ነበር። አባቴ ሳሉ ሲጸናበት እሱ ዘንድ አስመረመርኩት፤ ሐኪሙም ለብቻዬ ጠርቶ ነገረኝ። አሁን ከተወ ሳንባው ባለበት ይቆያል። ካልተወ ግን ከጥቂት ዓመት በኋላ ከከብት ተራ ቤታችን ድረስ ያለችውን ዳገት መውጣት ያቅተዋል፤ ከዚያም ቁጭ ብሎ መተንፈስ ራሱ ሥራ ይሆንበታል። ለአባቴ እንዳለ ነገርኩት። "ቤቱን ወደ ገበያው አወርደዋለሁ" አለኝ። "አባባ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው" ስለው፣ ያቀጣጠለውን ሲጋራ ከፍ አድርጎ እያሳየኝ "ይሄማ ተቃጠለ" አለ።

እኔ አልሳቅኩም። ፈርቼ ነበር። የፈራ ሰው ደግሞ ሌላውን ማስፈራራት መድኃኒት ይመስለዋል።

በዚያው ሰሞን ከአዲስ አበባ አንድ ጥቅል ፖስተር መጣልን። ሁለት ሳንባ ተሥሎበታል፤ በግራ በኩል ያለው ደም የመሰለ ጤነኛ፣ በቀኝ በኩል ያለው የጠቆረ፣ የተጨማደደ፣ እዚህም እዚያም የነጣ። ከሥሩ በቀይ ፊደል ሲጋራ እንደሚገድል ተጽፏል። ከብት ተራ ከሚውለው ሰው ብዙው ፊደል ባይቆጥርም ሥዕሉ ይበቃል አልኩ። ደስ አለኝ። እኔን ካስፈራኝ አባቴንም ያስፈራዋል ብዬ አሰብኩ።

በገበያ ቀን ፖስተሩን በረቱ አጥር ላይ ሰቅዬ በኦሮምኛ ማስተማር ጀመርኩ። ሰው ተሰበሰበ። አባቴ ከኋላ ነበር፤ ሲጋራው በጣቶቹ መሀል ነው። ከፊት የቆሙት ከሊበን የሚመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የታረደ ከብት ሞራ አይተው የሚመጣውን ዝናብ የሚናገሩ ስለሆኑ እሳቸው ዝም ሳሉ ሌላው አይናገርም። ዱላቸውን ተመርኩዘው ፊታቸውን ወደ ሥዕሉ አስጠጉ።

"አካም፣ ኢንተላ ቲያ። ናጋ?"

ልጄ እንደምን ነሽ ማለታቸው ነው። "ናጋ" አልኳቸው።

"ይህችን ላም መቼ አረዳችኋት?"

"ላም አይደለችም።"

"በሬ ነው?"

"ሰው ነው።"

ከኋላ የቆሙት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። "ሰው አርዳችሁ ነው ያያችሁት?" አለ አንዱ። ሰውየው አስቀድሞ ሞቶ እንደነበር ሳስረዳ ትንሽ ተረጋጉ።

ሽማግሌው ግን ሥዕሉን አልለቀቁትም። የጠቆረውን ሳንባ በጣታቸው ነኩና፣ "ይሄን እኔ አውቀዋለሁ። ሶምባ ነው" አሉ። ከኋላቸው ያለው ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። ሶምባ የከብት ሳንባ በሽታ ነው። ከብቱ ያስላል፣ ይከሳል፣ ሲታረድም ሳንባው ጠጥሮ ከጎድኑ ጋር ተጣብቆ ይገኛል። አንዲት ላም ከያዛት በትንፋሽ መንጋውን ታዳርሳለች። እዚያ አገር ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። እኔም አውቅ ነበር፤ ፖስተሩን ስሰቅል ግን ትዝ አላለኝም።

"ሰውንም ይይዛል በይኛ" አሉ።

"ሲጋራ የሚያጨሰውን ይይዛል።"

"ከእሱስ ወደ ሌላው? በትንፋሽ?"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የእኔ ግን ወለምታ እንኳ አልነበረም፤ አስቤበት ነው የተናገርኩት። "ጭሱ አጠገቡ ያለውንም ሰው ይጎዳል" አልኩ። ከመጽሐፍ የተማርኩት ነው፤ ስሕተት የለበትም። ግን የሚጎዳው ጭሱ ነው፣ ሰውየው አይደለም። ይህን ማስረዳት ነበረብኝ። ዙሪያውን ሳይ ሰዉ ሁሉ ተክዞ ፀጥ ብሏል። በሕይወቴ እንደዚያ አድምጦኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። "ይጋባል ማለት ነዋ" ሲል አንድ ድምፅ ሰማሁና ዝም አልኩ። አባቴ ሲጋራውን ጥሎ በጫማው ሲረግጠው አየሁ። አሸነፍኩ ብዬ ፖስተሩን ጠቀለልኩ። በወሩ ሪፖርት ላይም "በኅብረተሰቡ ዘንድ ከፍተኛ ግንዛቤ ተፈጥሯል" ብዬ ጻፍኩ።

በሚቀጥለው ገበያ የሆነውን የነገረችኝ ለመርፌ የመጣች በሽተኛ ናት።

ከብት አርቢ ሰው ሶምባ የገባበትን መንጋ አይሰድብም፣ አይመታም። ይለየዋል። ሌላ መንገድ ይሰጠዋል፣ ውኃ የሚያጠጣውም መጨረሻ ላይ ነው። አባቴንም ያደረጉት እንዲሁ ነው። ሰላምታው አልጎደለበትም፤ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጁ፣ ስለ ዝናቡ አንድ ሳይቀር ይጠይቁታል፣ ግን ሁሉንም ከዱላ ርቀት። ፎጣውን እጁ ላይ ጥሎ ሲዘረጋ ባለከብቱ ፎጣዋን አየት ያደርግና "ዛሬስ አልሸጣትም፣ እንዲያው ይዣት ወጥቼ ነው" ይለዋል። ጥቂት ቆይቶ ያችው ላም በሌላ ደላላ በኩል ትሸጣለች። የገበያው ሻይ ቤትም ለሚያጨሱት ሰዎች አንድ አግዳሚ ከአጥሩ ሥር ለብቻ አወጣላቸው። አባቴና ሁለት የጭነት መኪና ሾፌሮች እዚያ ተቀምጠው ይውሉ ጀመር። በፊት ከሚያጨሱት እጥፍ አጨሱ። ሌላ ምን ይሥሩ? ሾፌሮቹ የሞያሌ ጭነት ሲያገኙ ተገላገሉ፤ አባቴ ግን የሚሄድበት አልነበረውም።

ወዲያው ገባኝ። ያልገባኝ ብል ውሸት ነው። ከብት ተራ ሄጄ "ሶምባ አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም" ማለት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። አላልኩም። ለጊዜው ይቆይ አልኩ። ሐኪሙ ያላስተወውን፣ እናቴ በጸሎት ያላስተወችውን መገለሉ ያስተወዋል ብዬ ጠበቅኩ። ሰዎቹ ራሳቸው የተሳሳቱት ስሕተት ነው፣ እኔ አልዋሸሁም፣ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ይህን ያደረግኩት አባቴን ስለምወደው ነው፤ ያደረግኩት ነገር ግን አስቀያሚ ነበር።

አባቴ ገበያ መውጣት አቆመ። ጓሮ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ከጠዋት ጀምሮ ያጨሳል። እናቴ ስለ ጭሱ መናገር ትታለች፤ ለበጎ መስሎኝ ነበር። አንድ ጠዋት ግን የቁርስ ዕቃ ስታጥብ የእሱን ስኒ ለብቻ ለይታ የፈላ ውኃ ስትቸልስበት አየኋት። ወሬው ቸርች ድረስ ደርሷል ማለት ነው። አባቴ ከጓሮ በር ላይ ቆሞ እሱም ያያታል። ቀና ስትል አየችው፤ ስኒውን ደበቀችው። እሱም በዚያው ስኒ ሻዩን ጠጣና ወደ በርጩማው ተመለሰ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። እናቴ ቸርች ሄዳለች። እኔ ጓሮ ልብስ እያሰጣሁ ነው።

"ዶክተሯ" አለኝ። ሊያሾፍብኝ ሲፈልግ እንዲህ ነው የሚጠራኝ፤ ያን ቀን ግን የቀልድ አልነበረም። "የኔ ነገር ይጋባል?"

"አይጋባም።"

"ሶምባ አይደለም?"

"አይደለም አባባ።"

"ይህን መቼ አወቅሽ?"

"ድሮም አውቃለሁ።"

"ታዲያ ያን ቀን ለሰዉ ለምን አልነገርሽም?"

የያዝኩትን ልብስ አራግፌ ገመዱ ላይ አሰጣሁት። "እንድትተወው ብዬ ነው" አልኩ።

ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ቢቆጣ በወደድኩ። ረጅም ጊዜ አየኝ፤ እንደ ልጁ ሳይሆን ገበያ ላይ ጥርሷን ከፍቶ እንደሚመረምራት ጊደር። "ላም እንኳ የምትለየው ታማ ከተገኘች በኋላ ነው" አለኝ። ከዚያ ተነስቶ ገባ።

አፈርኩ። ጋዋኔን ለብሼ ክሊኒክ ስገባ ሁሉ አፍር ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ የምፈራው ሳንባውን ማጣቱን ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ግን እኔም እሱን ላጣው እንደምችል ገባኝ።

በሳምንቱ መሀል በጭነት መኪና ተሳፍሬ ሊበን ሽማግሌው ዘንድ ሄድኩ። በረታቸው አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሶምባ አለመሆኑን፣ እኔ እያወቅኩ ዝም ማለቴን፣ አባቴ ገበያ መቅረቱን። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ።

"ሥዕሉ ግን ዱጋ ነው? እውነት ነው?" አሉ።

"ሥዕሉ እውነት ነው።"

"ሰውዬው ሲጋራውን ቢተው ያ ሳንባ ምን ይሆናል?"

"እንደ ድሮው አይሆንም። ግን ሳሉ ይቀንስለታል፤ እስትንፋሱ ይመለሳል። ዳገት ይወጣል።"

"እና ይሄን ለምን አልነገርሽንም?"

ፖስተሩ ላይ ስላልተጻፈ ነው ልል ነበር።

"ስሚኝ፣ ኢንተላ ቲያ" አሉ። "ላምህ ትሞታለች ያልሽው ሰው ምን ያደርጋል? ሳትሞትበት ገበያ ይነዳታል። ትድናለች ያልሽው ግን ሣር ያጭድላታል። አንቺ አባትሽን ገበያ አስነዳሽን።"

ከብዙ ዓመት በኋላ ሐዋሳ ላይ ስለ ጤና መልእክት አቀራረብ ስልጠና ገብቼ አውቃለሁ። አሠልጣኙ ሰሌዳውን በመስመር ለሁለት ከፍሎ በአንዱ በኩል ሰው ባይተው የሚያጣውን፣ በሌላው በኩል ቢተው የሚያገኘውን ጻፈና የትኛው የበለጠ እንደሚያነሳሳ በቡድን ተወያዩ አለን። ቡድናችን እስከ ምሳ ተከራከረ። እኔ የሽማግሌውን ላም ነገርኳቸው፤ ጸሐፊያችን "የማኅበረሰብ ተሞክሮ" ብሎ በአንድ መስመር መዘገበው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በገበያው ቀን ከብት ተራ ሄጄ ያለ ፖስተር ቆምኩ። አባቴንም ለምኜ አምጥቼዋለሁ፤ አግዳሚው ላይ ለብቻው ተቀምጧል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደማይጋባ፣ ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ተናገርኩ። ሰው በጨዋነት ሰማኝ፤ አንድም ያመነኝ የለም። "ያን ጊዜ እንደዚያ፣ ዛሬ እንደዚህ" አለ አንዱ። "አባቷ አይደል እንዴ፣ ምን ታድርግ" አለ ሌላው። እውነቱን ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን አላምንም። ሲያስፈራሩት የሚያምን ሰው ሲያጽናኑት ማስረጃ ይጠይቃል።

ያኔ ሽማግሌው አንድ ወይፈን እየነዱ በሰዉ መሀል አለፉ። እኔን አላዩኝም። ቀጥ ብለው ወደ አግዳሚው ሄዱና አባቴ ፊት ቆሙ፤ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። አባቴ ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ ተነሳና ፎጣውን ከትከሻው አወረደ።

እጃቸው ከፎጣው ሥር ገባ። ገበያው ባይቆምም ድምፁ ቀነሰ። ብዙ ቆዩ፤ ለአንድ ወይፈን ከሚያስፈልገው በላይ ቆዩ። መሀል ላይ አባቴን ሳል ያዘው። ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረና እጁን ሊያወጣ ሲል ፎጣው ተወጠረ፤ ሽማግሌው አለቀቁትም። ስሎ እስኪጨርስ ያዙት። ሲመለስ ዓይኑ እንባ አዝሏል፤ ከሳሉ ይሁን ከሌላ እኔ አላውቅም። ጣቶቹ እንደገና መንቀሳቀስ ጀመሩ።

ያን ዕለት ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው እጁን የሰጠው። በሚቀጥለው ገበያ ሦስት አራት ሆኑ። አግዳሚውንም ሻይ ቤቱ ወደ ቦታው መለሰው።

አባቴ ሲጋራውን ወዲያው አልተወም። ሽማግሌው ግን በየገበያው ያገኙታል፤ አንድም ቀን "አጨስክ?" ብለው አልጠየቁትም። "ወደ ቤትህ ስትወጣ የት ላይ አረፍክ?" ነው የሚሉት። መጀመሪያ "ወፍጮ ቤቱ ጋ" አለ። ከዚያ "ትምህርት ቤቱን አልፌ" አለ። እሱ ይህን ለመናገር ሲል እየተጠነቀቀ መራመድ፣ ለመራመድ ሲል ጠዋት የሚያጨሳትን መተው፣ ከዚያ የቀትሯን መተው ጀመረ። ሁለት ጊዜ አገረሸበት። የበልጉ ዝናብ ሳያባራ ግን ጓሮ ያለችው በርጩማ የእናቴ ልብስ ማጠቢያ መቀመጫ ሆነች።

ምን እንዳስተወው አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኩት። "ሰው ሲርቀኝ አጠገቤ የቀረው ሲጋራው ነበር" አለኝ። "እጄን ሰው ሲይዘው ደግሞ ሲጋራውን በምን ልያዘው?" ከዚህ በላይ አላብራራልኝም፤ እኔም መጠየቅ እንደማይገባኝ ታውቆኛል።

ዳገቷን አንዴም ሳያርፍ የወጣ ዕለት ለሽማግሌው ነገራቸው፤ ከብት ተራውም ሁሉ ሰማ። እኔ የሰማሁት ከአንድ በሽተኛ ነው። ቤት ገብቼ "እንኳን ደስ አለህ" ስለው "ማን ነገረሽ?" አለኝ።

ብዙ ዓመት ደላላ ሆኖ ኖረ። ዕድሜው ሲገፋ ሳሉ መለስ ቀለስ ማለት ጀመረ፤ ሐኪሙ እንዳለው የተጎዳው ተጎድቷል። ለምርመራ ግን የሚሄደው ሌላ ከተማ፣ ወደራ ድረስ ነው። ክሊኒካችን ፊት ለፊት መኪና ይሳፈራል፣ እዚያ ያለ አንድ ጤና ረዳት ዘንድ ይመረመራል፣ በማግስቱ ይመለሳል። ቤት ስጠይቀው "ደህና ነኝ" ይላል። ራት እንበላለን፣ እንጫወታለን፣ ይመርቀኛል። ስለ ደረቱ ግን ቃል አይወጣውም።

አንድ ጊዜ ያን ጤና ረዳት ስብሰባ ላይ አገኘሁትና ለብቻው ወስጄ ስለ አባቴ ጠየቅኩት። ተሽኮረመመ።

"እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ አስምለውኛል" አለ። "ገና መጀመሪያ ሲመጡ፣ ሸሚዛቸውን እንኳ ሳያወልቁ ነው ያስማሉኝ። ለልጄ እንዳትነግራት፣ ሳንባዬን ከብት ተራ ትሰቅለዋለች አሉኝ።"

አባቴ እንደ ቀልድ ነው የነገረው፤ እሱም ሲነግረኝ ሳቀ። እኔም ለወጉ ሳቅኩ።